የማፊያ ደሴት የስኩባ ማዕከል፦ ለደብረ ብርሃን ሰው እንዴት ነው?

ገና አልሄድንም። የምገመግመው ዕቅዱንና ዕቅዱን ያወጡልንን ሰዎች ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ታንዛኒያ፣ ማፊያ ደሴት ልንወርድ ነው። ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ እንማራለን፤ እግዚአብሔር ካለ የዓለም ትልቁን ዓሣ፣ ዌል ሻርክንም እናያለን። እኔ ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን ዓሣ ለተማሪዎቼ በሥዕል ብቻ ሳሳያቸው ኖሬያለሁ፤ በዓይኔ ለማየት እቁቤን ጠብቄያለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅነው አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ወኪል ነበር። ዕቅዱን ቶሎ ላከልን። ሆቴሉ፣ ትኬቱ፣ ምሳው ሳይቀር ተጽፏል። «ሻርክ ማየት የተረጋገጠ ነው» የሚልም አለበት። የመጨረሻው ቀን ግን አስደነገጠኝ፦ ጠዋት ሁለት ጊዜ መጥለቅ፣ ከሰዓት በኋላ በረራ ወደ ዳሬሰላም፣ ማታ ወደ አዲስ አበባ። ይሄማ አይሆንም ስንላቸው «ሁሉም ደንበኛ የሚሄደው እንዲህ ነው» አሉን። እዚያው ተውናቸው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጠላቂ የሚተነፍሰው ከሲሊንደር የሚመጣ የታመቀ አየር ነው። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር (በባሕሩ ገጽ ላይ ባለው የአየር ግፊት ልክ) ይጨምራል። የጀማሪ ወሰን በሆነው 18 ሜትር ላይ ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያኔ ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ መውጣት ያለበትም ቀስ ብሎ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ሲከፈት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ያ አረፋ መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያሳምማል፤ ሕብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውን ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል። ወደ ከፍታ ስንወጣም የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋው ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ዳን፣ ማለትም ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል።

ቀጥሎ ማፊያ ውስጥ፣ ኪሊንዶኒ አጠገብ ላለ የጠላቂዎች ማዕከል በዋትስአፕ ጻፍን። የአስተማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ከአውሮፕላን ወርዳችሁ የምታድሩት የት ነው? ከፍታውስ ስንት ነው?» አለችን። 2,840 ሜትር ገደማ ስላት ዕቅዱን እንደገና ሠራችው።

ይሄን የደጋ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የአውሮፕላን ካቢን ግፊት ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው። የዳን ሰዓቶችም የወጡት እስከዚያ ላለው ከፍታ ነው። እኛ ግን ቦሌ ወርደን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈን ቤት ስንገባ በአውሮፕላኑ ውስጥ ከነበርንበትም ከፍ እንላለን! የደብረ ሲና ሰው ቤቱ ከእኛ ዝቅ ቢልም ከፍ ያለውን ጣርማበርን ማለፍ አለበት። የመሐል ሜዳ ሰውማ ከእኛም በላይ ነው የሚያድረው። ለእኛ በረራው መሐል መንገድ ነው።

አዲሱ ዕቅድ ግሩም ነው። ትምህርቱና መጥለቁ ከፊት መጣ። ዌል ሻርኩ ወደ መጨረሻ ሄደ፤ ምክንያቱም እሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም። ፕላንክተን (በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት) ለመብላት ወደ ላይ ስለሚወጣ በመነጽርና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ይታያል። ስለዚህ ሻርክ ፍለጋ ስንዋኝ ሰውነታችን ናይትሮጂኑን እያስወጣ ይቆያል። ዳሬሰላም አድረን ነው የምንበረው። ከመጨረሻው ጠለቃ እስከ ቤታችን ሁለት ሙሉ ቀን እናገኛለን።

ስለ ሻርኩም እውነቱን ነግረውናል። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ነው፤ ግን የዱር እንስሳ ነውና ቃል አንገባም አሉ። መንካት ክልክል ነው፣ ራቅ ብሎ መዋኘት ግዴታ ነው፣ ፍላሽ ማብራት አይቻልም። እናታችን ሻርክ ሲባል ሰግታ ነበር። 12 ሜትር የሚደርስ ዓሣ ሆኖ የሚበላው ደቃቅ ነገር መሆኑን ስነግራት «እሱስ ይሁን፣ ባሕሩስ ልጄ?» አለች። እውነቷን ነው፤ የሚያሳስበው ባሕሩ ነው። ለጀማሪ ፈቃድ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠየቃል። ወንድሜ በሬሳ ወንዝ ዳር ያደገ ነው፤ ጥልቅ ውሃ ግን አያውቅም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ገንዳ ይሄዳል። በልጅነቱ አስም ስለነበረበትም የጤና ቅጹን ሲያዩ «ሐኪም ሳይፈርም አንቀበልህም» አሉት። እሱ ተናደደ፤ እኔ ግን ማዕከሉን ይበልጥ አመንኩት።

የሚጎድላቸው ነገርም አለ። መልስ ለመስጠት ይዘገያሉ። ከዳሬሰላም የሚያመጣው ትንሽ አውሮፕላን 15 ኪሎ ሻንጣ ብቻ እንደሚፈቅድ የሰማነው ዘግይተን ነው። ቅድሚያ ክፍያው በዶላር ነው፤ ይሄ ለእኛ ከባድ ነው። ብንሰርዝ ስንቱን እንደሚመልሱ ደጋግሜ ጠይቄ ነው በጽሑፍ ያገኘሁት። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት በክፍያው ምክንያት ነው። በደኅንነት በኩል ግን የምቀንስባቸው የለም።