የቱ ይገዛ፣ የቱ ይከራይ? የአክሽን፣ የድራማና የጌም ንጽጽር

ስለ ፊልም ወይም ስለ ጌም ስንጠየቅ መልሳችን ሁለት ነው፤ “አሪፍ ነው” ወይም “ቀሽም ነው”። ገንዘቡን ሊያወጣ ለተዘጋጀ ሰው ግን ይህ ብዙም አይጠቅመውም። አሪፍ ሆኖ አንዴ ብቻ የሚታይ አለ። መካከለኛ ሆኖ በየጊዜው የሚከፈትም አለ።

ስለዚህ እኔ ፊልምና ድራማን የማነጻጽረው በአንድ ጥያቄ ነው። ካየሁት በኋላ ተመልሼ እከፍተዋለሁ? አዎ ከሆነ ይገዛል። ካልሆነ መከራየት ይበቃል፣ ወይም በወርሃዊ ክፍያ ከሚታይበት ቦታ ማየት። መልሱ ከጥራት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። እንዲያውም በጣም የወደድኩትን ድራማ አትግዙት ልላችሁ ነው።

ጆን ዊክ 4 ወይስ ፊዩሪዮሳ?

ሁለቱም ረጃጅም ናቸው። የ2023ቱ “ጆን ዊክ 4” 169 ደቂቃ ነው፣ የ2024ቱ “ፊዩሪዮሳ” ደግሞ 148። ሁለቱም በስታንት (በአደገኛ የድርጊት ትዕይንት) ሥራቸው የሚኮሩ ናቸው። መመሳሰላቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

የ“ጆን ዊክ 4” ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ሰውየው ነጻ መውጣት ይፈልጋል፣ ሌላው ሁሉ ሊገድለው ይፈልጋል። በቃ። ፊልሙን የሚያስገዛው አሠራሩ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ድሮ በ“ማትሪክስ” ላይ ጆን ዊክን የሚጫወተውን ኪያኑ ሪቭስን ተክቶ ስታንት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ይህ በየትዕይንቱ ያስታውቃል። ካሜራው አይንቀጠቀጥም፣ ድብድቡንም በየግማሽ ሰከንዱ አይቆራርጠውም። ማን ማንን እንደመታ፣ ከየት መጥቶ የት እንደወደቀ ይታያችኋል። ፓሪስ ውስጥ ካሜራው ከላይ ሆኖ ቁልቁል እያየ ከክፍል ክፍል የሚከተለው ተኩስ አለ። እሱን ብቻ ለማየት ፊልሙን ደጋግሜ ከፍቻለሁ።

ከዚያ ደግሞ የሞንማርትር ደረጃዎች ይመጣሉ፤ 222 ናቸው። ሰውየው በስንት መከራ ወደ ላይ ወጥቶ ሊጨርስ ሲል በእርግጫ ይመታና እስከ ታች ይንከባለላል። ያሳዝናል፣ ግን ሳቅ ያመልጣችኋል። ዓይነ ስውሩን ገዳይ ሆኖ የሚጫወተው ዶኒ የን ባለበት ትዕይንት ሁሉ ዓይናችሁ ወደ እሱ ይሄዳል። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በመሃል የሚደረጉት ስለ ሕግና ስለ ክብር የሚያወሩ ንግግሮች ለእኔ ይደብራሉ። ግን ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ዘልሎ ማለፍ ይቻላል። ባለቤት መሆን ጥቅሙ ይኸው ነው።

“ፊዩሪዮሳ” ግን ተዘልሎ አይታይም። በአምስት ምዕራፍ የተከፈለ የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ዋናዋ ተዋናይ አንያ ቴይለር ጆይ እስክትመጣ ድረስ ራሱ አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ከዚሁ ከ“ማድ ማክስ” ዓለም ቀድሞ የወጣው የ2015ቱ “ፊዩሪ ሮድ” ጥቂት ቀን ውስጥ የሚያልቅ አንድ ረጅም ማሳደድ ነበር። አዲሱ ግን ዓመታትን ይሻገራል። ያኛውን ጠብቆ የተቀመጠ ሰው ቅር ይለዋል። ሳይጠብቅ ያየ ሰው ደግሞ መሃሉ ላይ በከባዱ መኪና ላይ የሚደረገውን ጥቃት ሲያይ አፉን ይከፍታል። 15 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለመቅረጽ ግን 78 ቀን ፈጅቷል። ከላይም ከታችም ከጎንም ጥቃት አለ፣ ሆኖም አንድም ጊዜ ግራ አትጋቡም።

የእኔ ፍርድ፦ “ጆን ዊክ 4” ይገዛ። ሥራ ውላችሁ ደክሟችሁ ስትመጡ አሥር ደቂቃውን አይታችሁ የምትዘጉት ዓይነት ፊልም ነው። “ፊዩሪዮሳ” ይከራይ፣ በትልቅ ስክሪንና በጥሩ ድምፅ ይታይ። በስልክ ከሆነ ይቅርባችሁ። ከዚያ ዓለም አንድ ፊልም ብቻ የምትገዙ ከሆነ “ፊዩሪ ሮድ”ን ግዙ።

የ2025ቱን “ሚሽን ኢምፖሲብል” ለምን ዘለልከው ለምትሉኝ፣ ሁለት ትዕይንት አለው። አንዱ ከባሕር በታች ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ፣ ሌላው ቶም ክሩዝ በአሮጌ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ። ሁለቱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። የቀረው ሰዓት ግን ያለፉትን ፊልሞች በማስታወስና በማብራራት ያልቃል። የ2023ቱን ሳያዩ መግባትም አይቻልም። ተከራዩት።

ድራማው ላይ ነገሩ ይለወጣል

“አዶለሰንስ” እና “ሾገን” ጎን ለጎን የሚቀመጡ አይመስሉም። አንዱ የዘመኑ እንግሊዝ ነው፣ ሌላው የ1600 አካባቢ ጃፓን። ግን “አንድ ጥሩ ተከታታይ ድራማ ንገረኝ” ለሚል ሰው የማነሳቸው ሁለቱን ነው።

በ2025 የወጣው “አዶለሰንስ” አራት ክፍል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ ነው። የ13 ዓመት ልጅ በግድያ ተጠርጥሮ ማለዳ ከአልጋው ይወሰዳል። ማን ገደለ የሚለው ቶሎ ይመለሳል፣ ጭንቁ ለምን የሚለው ላይ ነው። ሦስተኛው ክፍል ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ተቀምጠው ሲያወሩ ነው፣ ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካየኋቸው የመኪና ማሳደዶች ሁሉ ይልቅ ልቤን ያንጠለጠለው እሱ ነው። ልጁን የተጫወተው ኦወን ኩፐር ይህ የመጀመሪያ የትወና ሥራው ነበር፤ በ15 ዓመቱ የኤሚ ሽልማት ወሰደበት።

ተመልሼ አየዋለሁ? አላየውም። አራተኛው ክፍል ላይ አባትየው የሚሆነውን ደግሜ የማይበት አቅም የለኝም። በኔትፍሊክስ የአንድ ወር ክፍያ ይታያል፣ ያ ይበቃዋል።

“ሾገን” የ2024 ነው፣ የመጀመሪያው ሲዝን 10 ክፍል አለው። 18 የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ሲጀመር ያስቸግራል። ስሙ ብዙ ነው፣ አብዛኛው ንግግር በጃፓንኛ ስለሆነ ሰብታይትል ማንበብ ግድ ነው። ስልክ እየነካኩ ማየት የለመደ ሰው ሁለተኛው ክፍል ላይ ይጠፋዋል። ትልቅ ጦርነት እጠብቃለሁ የሚልም ቅር ይለዋል፣ የሚያሳየው ጦርነቱን ሳይሆን ሴራውን ነው። ግን ጨርሳችሁ ከመጀመሪያው ብትጀምሩት ሌላ ድራማ ነው። ሂሮዩኪ ሳናዳ የሚጫወተው ጌታ ቶራናጋ ዝም ያለበት ቦታ ሁሉ ምን እያሰበ እንደነበር ይገባችኋል። ይህ በዲስክም ቢሆን ይገዛ።

ከፊልም ድራማዎች ደግሞ “ኦፐንሃይመር” ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው፣ ሰባት ኦስካር አለው። “ፓስት ላይቭስ” 106 ደቂቃ ነው፣ ኦስካር አላገኘም። ሁለቱም የ2023 ናቸው። የምገዛው አጭሩን ነው። “ኦፐንሃይመር” የፍንዳታ ሙከራው ካለፈ በኋላ ስብሰባ ይበዛበታል። “ፓስት ላይቭስ” ሦስት ሰዎች በጨዋነት ሲጎዳዱ የሚያሳይ ፊልም ነው፤ በየዕድሜያችሁ ስታዩት የምታዝኑለት ሰው ይለዋወጣል።

ጌም ላይ ጥያቄው ሌላ ነው

እዚህ “እመለስበታለሁ ወይ” ማለት አይሠራም። “እጨርሰዋለሁ ወይ” ነው የሚባለው። ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ያለው ተገዝቶ አምስት ሰዓት ተነክቶ የተተወ ጌም ነው።

“ኤልደን ሪንግ”ን (2022) ውሰዱ። ድንቅ ነው። ተራራ አይታችሁ “እዚያ መሄድ ይቻላል?” ስትሉ ይቻላል። ችግሩ ቀላል የሚባል ደረጃ የለውም። ቦሱ (ከባዱ ዋና ጠላት) ሰላሳ ጊዜ ከገደላችሁ ሰላሳ አንደኛውን ጥርስ ነክሶ መሞከር ነው፣ ወይም ሌላ ቦታ ዞሮ ጠንክሮ መመለስ። ደግሞ እንደሌሎች ጌሞች ፖዝ (ለጊዜው ማቆሚያ) የሚባል ቁልፍ የለውም። ልጅ ሲያለቅስ ወይም ስልክ ሲጮህ የሚነሳ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ከ50 ሰዓት በላይ በዚህ ሁኔታ መክረም አለ።

“ኤክስፒዲሽን 33” (2025) በፈረንሳይ የተሠራ ነው፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትንም ወስዷል። ውጊያው በተራ ነው። እናንተ ትመታላችሁ፣ ከዚያ ጠላት ይመታል። ግን ጠላት ሲመታ በትክክለኛው ቅጽበት ቁልፍ ተጭኖ መመከት አለ፣ ስለዚህ እጅ አያርፍም። ሦስት የክብደት ደረጃ አለው፣ መሃል ላይም መቀየር ይቻላል። ታሪኩ ከጌም የማይጠበቅ ነው። በየዓመቱ አንድ ቁጥር ይጻፋል፣ ዕድሜው ያ የሆነ ሰው ሁሉ እንደ አቧራ ይበተናል። ዋናውን ታሪክ ለመጨረስ 30 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱን ግዛ ብትሉኝ ሥራ ላለው ሰው ይሄኛውን እላለሁ። ተማሪ ከሆናችሁና ረጅም ዕረፍት ካላችሁ “ኤልደን ሪንግ”።

“ባልደርስ ጌት 3” (2023) የተለየ ጣጣ ነው። ውጊያው በተራ ስለሆነ አያጣድፍም፣ ግን ንባቡና ወሬው ብዙ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ማውራት የማይወድ ሰው ገንዘቡን ያከስራል። የሚወድ ሰው ደግሞ ጨርሶ እንደገና የሚጀምረው ብርቅ ጌም ነው፣ ምክንያቱም የተናገራችሁት ነገር ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይመጣባችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፒሲ ላይ 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታና ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ይፈልጋል። የኢንተርኔት ፍጥነታችሁ ደካማ ከሆነ ዳውንሎዱ ራሱ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ከእኅት፣ ከጓደኛ ወይም ከትዳር አጋር ጋር ለመጫወት ከሆነ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም፣ “ስፕሊት ፊክሽን” (2025)። ለብቻ አይሠራም፣ ሁለት ሰው ግዴታ ነው። ግን አንዱ ከገዛ ሌላው በነጻ ዳውንሎድ አድርጎ አብሮት መጫወት ይችላል፣ የተለያየ ኮንሶል ላይ ቢሆኑም። ትንንሽ ልጆች ካሉና ፕሌይስቴሽን 5 ካለ ደግሞ “አስትሮ ቦት”።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር። በዲስክ የተገዛ ጌም ሰልችቷችሁ ሲበቃችሁ ይሸጣል ወይም ይዋሳል፣ በዳውንሎድ የተገዛ ግን አይሆንም። ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ኮንሶል ልትገዙ ከሆነ ይህን አስቡበት። ፒሲ ላይ ከስቲም (የኢንተርኔት ጌም መሸጫ) ለምትገዙ፣ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት “ኤልደን ሪንግ” እንደማይሆናችሁ ለማወቅ በቂ ነው። “ባልደርስ ጌት 3” ላይ ግን የገጸ ባሕርይን ፊትና ፀጉር ስታሳምሩ ሰዓቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ለሙከራ ከሆነ ተዘጋጅተው ከቀረቡት አንዱን መርጣችሁ ቶሎ ግቡ።