ፒያሳ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት፣ ለባዝራ አዋላጆች

ለእትብት ማጥለቂያ 0.5 በመቶ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ይሸጣሉ። ትክክል ነው፤ 7 በመቶ አዮዲን ቆዳ ያቃጥላል። ሻጮቹ ሰዓቱንም ያስረዳሉ፦ ውርንጭላው በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ መቆም፣ በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ 3 ሰዓት ካለፈው ሐኪም ይጠራ፤ ማንም አይጎትተው። ተቀዶ የቀረ ቁራጭ ማህፀን ይመርዛል፣ አልፎም የባዝራዋን ሰኮና ያሳምማል።

ጉድለቱ እንገር አለመያዛቸው ነው። «የላም ወተት ዱቄት ይተካዋል» ማለታቸው ደግሞ ያናድዳል! ዱቄቱ የበሽታ መከላከያ የለውም፤ የውርንጭላው አንጀትም መከላከያውን የሚቀበለው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ ነው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ እንዳሉት የቁንዱዶ ተራራ ፈረሶች ሰው ያልለመደች፣ ከዱር መጥታ መጠለያ የገባች ባዝራ ከሆነች ከመድኃኒቱ በፊት ከሩቅ መከታተያ ማቅረቢያ መነጽር ይገዛ። ሰው ሲከባት ልጇን ማጥባት ልትተው ትችላለች።