የኢንተርፌሮሜትር ኪት ለመግዛት ለምታስቡ፦ ቡና እየተወቀጠ አይሰራም

ሰላም ነው፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ኦንላይን ያዘዘውን የማይክልሰን ኢንተርፌሮሜትር ኪት (ብርሃን ለሁለት ከፍሎ መልሶ እያገናኘ በጣም ጥቃቅን ርቀት የሚለካ መሳሪያ ነው) ይዞልኝ መጣ፣ ዋጋውን ግን አልነገረኝም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ የብረት ሰሌዳ፣ ቀይ ሌዘር፣ ጨረሩን ለሁለት የሚከፍል መስታወት፣ ሁለት ትናንሽ መስታወቶችና ሌንስ ነው በቃ። የተከፈሉት ጨረሮች ሄደው ተመልሰው ሲገናኙ ግድግዳው ላይ ብርሃንና ጨለማ የተፈራረቁበት መስመሮች ይወጣሉ፣ አንዱን መስታወት ትንሽ ገፋ ስታደርጉት መስመሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። ትንሽ ስል ደግሞ ሚሊሜትርን ለ3 ሺህ ብትከፍሉት አንዷ ቁራጭ ናት፣ በሷ ብቻ አንድ መስመር ሙሉ ያልፋል።

ይሄን ለማየት ግን 3 ማታ ፈጀብኝ። የአንዱ መስታወት ብሎን ላልቶ ነው የመጣው፣ ወረቀት አጥፌ ወትፌበት ነው የያዘልኝ። ማኑዋሉ ቻይንኛ ብቻ። ሌዘሩም ርካሽ ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች እኩል ካልሆኑ መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፣ በማስመሪያ ለክቼ ነው ያስተካከልኩት።

ከዛ ዋናው ጉድ መጣ። እማዬ ኩሽና ቡና ስትወቅጥ መስመሮቹ እስክስታ ወረዱ! እቃው የተበላሸ መስሎኝ ልመልሰው ነበር፣ ለካ በትክክል እየሰራ ነው፣ ሙቀጫውን እየሰማ ነው። መሳሪያውን የፈጠረው የፊዚክስ ሊቅ ማይክልሰን ራሱ በ1881 (በፈረንጆች) በርሊን ላይ የከተማው መንቀጥቀጥ አስቸግሮት ወደ ፖትስዳም ሄዷል፣ እኔ ከኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የት ልሂድ። የሞተር ሳይክል ጎማ የውስጡን ላስቲክ በግማሽ ነፍቼ እምነበረድ ጫንኩበት፣ ኪቱን ከላይ፣ በጣም ተሻለው። ክብሪት ጭሬ ከጨረሩ ስር ስይዝ ደግሞ መስመሮቹ ተጣመሙ፣ የሞቀ አየር ብርሃኑን ስለሚቀይረው ነው።

ላይጎ፣ ማለትም የስበት ሞገድን (ከህዋ የሚመጣ፣ ርቀትን የሚስብና የሚጨምቅ መርገብገብ) የሚይዘው የምርምር ተቋም፣ የገባኝ ያኔ ነው። አሜሪካ ሀንፎርድና ሊቪንግስተን ያሉት ማሽኖች መሰረታቸው ይሄው ኪት ነው፣ ክንዳቸው (እያንዳንዱ ጨረር የሚሄድበት መንገድ) ግን 4 ኪሎሜትር ነው፣ አየሩ ተመጦ ወጥቶ፣ 40 ኪሎ መስታወት በቀጭን የመስታወት ክር ተንጠልጥሎ። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እኛ ገና የእንቁጣጣሽ ድፎ ሳንጨርስ፣ በኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡50 ገደማ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ የላኩትን የስበት ሞገድ ያዙ። ክንዱ የተለወጠው ከፕሮቶን ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ ነው እኮ! እኔ ሙቀጫ አቅቶኝ።

ከ5 3.5 ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት በብሎኑ አንዱን በማኑዋሉ። ለልጅ ከገዛችሁ ሌዘሩን በአይን እንዳያይ አጠገቡ ሁኑ፣ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳል ትርፍ ያዙ። እኔ አሁን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው የምሰራው፣ የቀረኝ ጠላት ፍሪጁ ብቻ ነው፣ እሱንም ለ10 ደቂቃ እነቅለዋለሁ፣ እማዬ እስካልነቃች።