ድፍረትን የሚመዝን አንባቢ፦ ስለ አንድ የማመልከቻ ድርሰት ግምገማ አገልግሎት

ታናሽ እህቴ ለአሜሪካ ኮሌጆች ስታመለክት ድርሰቷን በኢንተርኔት ለሚሠራ የግምገማ አገልግሎት ሰጥተን ነበር። ድርሰቱ ደፈር ያለ ነው። የአያታችንን የልብስ ስፌት መኪና እንዴት እንደጠገነች ከዳር እስከ ዳር በጥገና መመሪያ መልክ ጽፋዋለች፦ «አንደኛ፣ የተቋጠረውን ክር አውጪ። ሁለተኛ፣ የአያትሽን ዝምታ አታቋርጪ።» እኔ ወድጄዋለሁ፤ ማመልከቻውን የሚያነቡት የኮሌጅ ሰዎች ግን እንደ ጨዋታ እንዳያዩት ሰግቼ ነበር።

የተመደበላት አንባቢ ድፍረቷን አልገደለባትም። በጽሑፉ ዳር ደጋግሞ የጻፈላት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን መስመር ባወጣው ስለ አንቺ የማላውቀው ነገር ይኖራል?» ስለ መርፌ ዓይነትና ስለ ዘይት የሚዘረዝሩት ተራ ቁጥሮች በዚህ ጥያቄ ወደቁ፤ የአያታችን ዝምታ ግን ቀረ። ከዚያ መመሪያው እስከ መጨረሻ እንዳይሄድ መከራት። መኪናው ለሁለተኛ ጊዜ ቀጥ ሲልባት ተራ ቁጥሩም አብሮ ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ በራሷ አንደበት ትናገራለች። ድርሰቱ ነፍስ የዘራው እዚያ ላይ ነው።

የት መድፈር እንዳለባትም ለይቶ ነግሯታል። በኮመን አፕ፣ ማለትም በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች በሚመለከትበት ድረ ገጽ፣ የሚላከው ከ250 እስከ 650 ቃላት የሚይዝ ድርሰት ለብዙ ኮሌጆች ስለሚደርስ ጠባያቸው የተለያየ አንባቢዎችን መቋቋም አለበት። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ወጣ ያሉ ጥያቄዎችን ስለሚጠይቅ እዚያ የሚያሰጋው ደረቅ መልስ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ8 ጥያቄዎች 4ቱን አስመርጦ ለእያንዳንዱ ቢበዛ 350 ቃላት ይፈቅዳል፤ ለዚያ ነገሩን በቀጥታ እንድትጽፍ አሳሰባት። ይህን ያህል አስቦ የሚያነብ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ቅሬታዬ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ረቂቁ ሳንጠየቅ ለሌላ አራሚ ተላለፈ። እሱም አስተያየት በመስጠት ፈንታ ዓረፍተ ነገሮቿን ራሱ ጻፈላት። «ጣቶቼ ዘይት ዘይት ይሸቱ ነበር» የሚለው ወጥቶ «ጽናት ምን እንደሆነ ተረዳሁ» የሚል ገባ። እጅግ ተናደድኩ። አንደኛ፣ ማንም ሊጽፈው በሚችል ቃል የእሷን ተካው። ሁለተኛ፣ አመልካቹ ጽሑፉ የራሱ ሥራ መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚያስገባው፤ እንዲህ ያለ እርማት ልጅቷን ለውሸት የሚዳርግ ነው። እህቴ አንዱንም አልተቀበለችም፤ የመጀመሪያው አንባቢ ባየው ረቂቅ አመለከተች።

ክፍያው ለመጀመሪያው አንባቢ ሥራ ይገባዋል፤ ለሁለተኛው ግን አይገባም። የምትጠቀሙ ካላችሁ ስትመዘገቡ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስታውቁ፦ ረቂቁ ከአንድ አንባቢ እጅ እንዳይወጣ፣ አስተያየቱም በዳር ማስታወሻ ብቻ እንዲሰጥ።