ራሴን ይዤ አዲስ አበባ፦ ክሊኒኩ፣ መድኃኒት ቤቱና ሰዓት የማይገባው መተግበሪያ

ለእረፍት አገር ቤት የሚገባ ሰው ሠርግ፣ ለቅሶና የቤት ካርታ ጉዳይ ይጠብቀዋል እንጂ የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዞ አይሄድም። የእኔ የዘንድሮ ጉዞ ግን ዋጋ ያወጣው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ራስ ምታት የሚያሠቃያችሁና ሕመማችሁን በሰው ቋንቋ ስታስረዱ የምትደክሙ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ቤልጅየም፣ ጌንት ነው። እዚያ ከሐኪሜ ጋር የምንነጋገረው በደች ነው፤ የእኔ ደች ለሥራና ለገበያ ይበቃል፣ ለሕመም ግን ያጥራል። «ራስ ምታት አለብኝ፣ በአንድ በኩል ነው፣ ያቅለሸልሸኛል» እላለሁ፣ ማይግሬን ነው ተብሎ መድኃኒት ይታዘዝልኛል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ማይግሬንን ከሌላው ራስ ምታት የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ኤምአርአይም ቢሆን የሚነሳው ሌላ አደገኛ ነገር እንዳይኖር ለማጣራት ነው። ሐኪሙ የሚይዘው ታማሚው የሚነግረውን ነው፤ ታማሚው ቃል ካጠረው ሐኪሙም ያጥረዋል።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ቦሌ አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቀጠሮው በስልክ ቶሎ ተገኘ፣ በቴሌብር ከፈልኩ፣ እስከዚህ ጥሩ። ካርድ ክፍሏ ግን ገና ሐኪም ሳላይ «ኤምአርአይ ተነስተው ይምጡ፣ ለዶክተሩ ይቀለዋል» አለችኝ። ለዶክተሩ እንዲቀለው ብዬ ይህን ሁሉ ብር! መጀመሪያ እሱ ይየኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ከውጭ የመጣ ሰው ፊቱ ላይ ዶላር የተጻፈ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ብሎ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ነገርኩት። ግራ ዓይኔን ከኋላ በኩል በጋለ ብረት እንደ መውጋት ያደርገኛል፤ በዚያው በኩል ብቻ እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬ ይደፈናል፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል፤ አንድ ሰዓት ያህል አሠቃይቶኝ ይለቀኛል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይመጣል።

«ሲነሳብዎት ይተኛሉ ወይስ ይንጎራደዳሉ?» አለኝ።

«ማን ይተኛል ዶክተር! ሳሎኑን ስዞረው ነው የማድረው።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ፈልጎ ይተኛል፣ መንቀሳቀስ ያብስበታል፤ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ክላስተር የሚባለው ራስ ምታት ግን ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ነው፣ በቀን እስከ 8 ጊዜ ሊመላለስ ይችላል፣ ሰውየውም አርፎ መቀመጥ አይችልም። በወንዶች ላይ ስለሚበዛ ሴት ይዛው ስትመጣ ቶሎ ማይግሬን ትባላለች።

ከዚያ የሚያስቅ ነገር ነገረኝ። ታማሚዎች የሚጽፉትን በኮምፒውተር እየመረመሩ ራስ ምታትን ለመለየት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ከጥናቶቹ አንዱን የሠራው የጌንት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኔው ከተማ! እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን፣ 81 የማይግሬንና 40 የክላስተር፣ በድምሩ 121 ታማሚዎች ሕመማቸውን በራሳቸው ቃል በደች ጽፈዋል። ቃላቱ ሲነጻጸሩ በክላስተሮቹ ጽሑፍ «ዓይን»፣ «ሕመም» እና «ተመልሶ»፣ በማይግሬኖቹ ደግሞ «ራስ ምታት»፣ «ጭንቀት» እና «ማቅለሽለሽ» ጎልተው ወጡ። ፕሮግራሙ ጽሑፉን ብቻ አይቶ ክላስተሩን እንዲለይ ሲደረግ፣ 1 ቢሆን ፍጹም በሚባለው ኤፍ ዋን በተሰኘ መለኪያ ከ0.82 እስከ 0.86 አገኘ።

ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን 121 ሰው ጥቂት ነው፣ ምርጫውም ሁለት ብቻ ነበር። እውነተኛ ታማሚ ከሁለቱም ውጭ የሆነ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ጌንት ላለችው ሐኪሜ በደች የምነግራት «ራስ ምታት» እና «ማቅለሽለሽ» ነበር። «ዓይን» እና «ተመልሶ» የወጡኝ በአማርኛ ሳወራ ነው። ያ ፕሮግራም በደች ቢያደምጠኝ ኖሮ ማይግሬን ብሎ ይሸኘኝ ነበር ማለት ነው፤ ያውም በቁጥር አስደግፎ።

ታዲያ በአማርኛ ያድምጠኝ ብዬ ማታ እንግዳ ማረፊያዬ ውስጥ ታሪኬን ለስልኬ ተረክሁለት፤ ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚለውጥና የሚተረጉም መተግበሪያ አለኝ። ጽሑፉ ከጠበቅሁት በላይ ነው፣ አመሰግናለሁ። ትርጉሙ ግን ሌሊት ሰባት ሰዓትን እንዳለ ሰባት ብሎ አስቀመጠው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ ሰዓት መሆን ነበረበት። ክላስተር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ጭምር የሚታወቅ በሽታ ነው። አንዴ «ዓይኔን»፣ አንዴ «አይኔን»፣ አንዴ «ከአይኔ» ብሎም ጽፎታል። ሰው ሲያነበው ችግር የለም፤ ቃል የሚቆጥር ፕሮግራም ግን ሀና ሐን፣ አና ዓን እንዲያዛምድ፣ ቅጥያውንም እንዲገፍ አስቀድሞ ካልተሠራ ሦስት የተለያዩ ቃላት ያያል። ለምርመራ አልመክረውም። ሐኪም ጋ ከመግባታችሁ በፊት ሐሳብ ለመሰብሰብ ግን ግሩም ነው፣ ተጠቀሙበት።

ሐኪሙ ክላስተሩን ለመከላከል ያዘዘልኝን ቬራፓሚል የተባለ መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳሁ፤ መድኃኒቱ የልብን ምት ሊያዘገይ ስለሚችል ነው። እዚያው ክሊኒክ፣ በዚያው ቀን አለቀ፤ ጌንት ቢሆን ሌላ ቀጠሮ ነበር። ሲነሳብኝ በጭንብል የሚወሰደውን ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ 12 ሊትር ለ15 ደቂቃ፣ እዚያው ጌንት እንድጠይቅ ነገረኝ።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው ባለሙያ ነው፤ አወሳሰዱን በአማርኛ ጻፈልኝ። አጠገቤ የቆሙ አንድ እናት ግን «ለራሴ» ብለው ያለ ማዘዣ ማስታገሻ በእሽግ ገዙ፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ ቢያንስ ይነገራቸው።

የክሊኒኩ ሐኪም ለጌንት ሐኪሜ የሚሆን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ፣ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሎ፣ መንጎራደዴንም አስገብቶ። ደብዳቤ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማኅተም መኖሩንም አይታችሁ ውጡ፣ እኔን ከበር መልሰው ነው ያስመቱኝ።