ፕሮግራሙን ሳያቆሙ ሞጁል መቀየር፦ የሊኑክሱ ዲኤልኦፕን በድሬዳዋ የጭነት ሚዛን ላይ

ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ከባድ መኪኖች በሚመዘኑበት አንድ የድሬዳዋ ግቢ፣ የሚዛኑን ንባብ የሚመዘግበው ፕሮግራም በሥራ ሰዓት እንዲቆም አይፈለግም። ከቆመ ከሚዛኑ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ከነጭነታቸው ተመዝነው ባዷቸውን እስኪመዘኑ የሚጠበቁት መኪኖች መረጃም ከሜሞሪ ይወጣል፤ ሾፌሮቹም በቀትር ሐሩር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የክፍያው ስሌትና የሰነዱ ቅርጽ ግን በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ይህን ክፍል ከዋናው ፕሮግራም ነጥለን ሞጁል (ለብቻው የሚጫን የኮድ ፋይል) እናደርገዋለን፤ በጂሊብሲ (glibc፣ በብዙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ያለው የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ) ውስጥ ባለው ዲኤልኦፕን (dlopen) በተባለ ፈንክሽንም እንጭነዋለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዲኤልኦፕን የሞጁሉን ፋይል ወደ ሜሞሪ ያስገባል፣ ዲኤልሲም የተፈለገውን ፈንክሽን አድራሻ ይሰጣል፣ ዲኤልክሎዝ ደግሞ ሞጁሉን ይለቃል። ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ወጪ የለውም። በተለይ የወደድኩት፣ ሲጫን ሞጁሉ የሚጠራቸው የፈንክሽን ስሞች ሁሉ ወዲያውኑ ከአድራሻቸው ጋር እንዲገናኙ ማዘዝ መቻሉን ነው፤ በአዲሱ ሞጁል ውስጥ የጎደለ ፈንክሽን ካለ ስሕተቱ ገና በመጫኛው ሰዓት ይታወቃል፣ ነባሩም ሥራውን ይቀጥላል።

ድካሙ ያለው በማስወጣቱ ላይ ነው። ዲኤልክሎዝ የሚቀንሰው የተጠቃሚዎችን ቆጠራ ብቻ ስለሆነ፣ ሞጁሉን የያዘ ሌላ ክፍል ካለ አሮጌው ኮድ ከሜሞሪ አይወጣም፤ በዚያው ስም እንደገና ሲከፈትም የሚመለሰው ያው አሮጌው ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉ ሞጁሎች ደግሞ አንዳንድ ዓይነት ስታቲክ ተለዋዋጮች (ፈንክሽኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላም በሜሞሪ የሚቆዩ እሴቶች) ካሏቸው ጭራሽ ላይወጡ ይችላሉ። አልፓይን ሊኑክስ በጂሊብሲ ፈንታ በሚጠቀምበት መስል (musl) በተባለው ላይብረሪ ላይ ዲኤልክሎዝ ምንም ነገር አያስወጣም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እትም የተለየ የፋይል ስም መስጠት ይበጃል። በሥራ ላይ ባለው ፋይል ላይ አዲሱን መገልበጥማ ፈጽሞ የማይደረግ ነው፤ ፕሮግራሙ እያነበበው ያለው ኮድ ከሥሩ ስለሚለወጥ ሊወድቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። በመኪናው መዝገብ መካከል የተሳቢው ክብደት የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ቢጨመር፣ አዲሱ ሞጁል በአሮጌው ቅርጽ የተያዘውን ሜሞሪ በአዲሱ ቅርጽ ያነበዋል፤ ፕሮግራሙም ሳይወድቅ የተሳሳተ ኪሎ በደረሰኝ ላይ ያትማል። ዲኤልኦፕን ይህን አያውቅም፣ አይጠይቅምም። መረጃው በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ተይዞ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ መጀመሪያ ላይ የእትም ቁጥር ቢቀመጥ፣ አሮጌውን ቅርጽ ወደ አዲሱ የሚያዞር ፈንክሽንም ከሞጁሉ ጋር አብሮ ቢመጣ፣ ይህ አደጋ ይወገዳል። ሞጁሉ ከመለቀቁ በፊትም ወደ እርሱ የሚያመለክቱ ፖይንተሮች (የሜሞሪ አድራሻ የያዙ ተለዋዋጮች) በሙሉ መተካታቸውና በውስጡ የሚሠራ ትሬድ (ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) አለመቅረቱ መረጋገጥ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1986 በኤሪክሰን ለስልክ ማዞሪያዎች መሠራት የጀመረው ኤርላንግ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የአንድን ሞጁል አሮጌና አዲስ እትም ጎን ለጎን ስለሚያቆይና መረጃን ለማዞር የተዘጋጀ ቦታ ስላለው፣ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው እርሱን እመክራለሁ። በሲ የተጻፈ፣ ከሚዛን ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚነጋገር ፕሮግራም ላለው ግን፣ መረጃውንና ኮዱን ለመለየት ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ፣ ዲኤልኦፕን ይበቃዋል።