የሮክ ባንዶች ወደ አሜሪካ ነባር ሙዚቃ የተመለሱባቸው ሦስት አልበሞች፦ የትኛው ይገዛ?

ካንትሪንና ብሉግራስን (በባንጆ፣ በፊድልና በመሳሰሉት መሣሪያዎች የሚጫወት የካንትሪ ዘር) በሮክ ባንድ እጅ መስማት ለሚፈልግ ሰው ሦስት አልበሞች ደጋግመው ይጠቆማሉ፦ የዘ በርድስ «ስዊትሃርት ኦቭ ዘ ሮዲዮ» (1968)፣ በባንዱ ስም የተሰየመው የዘ ባንድ አልበም (1969) እና የኒቲ ግሪቲ ደርት ባንድ «ዊል ዘ ሰርክል ቢ አንብሮክን» (1972)። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሦስቱ የተለያየ ጆሮ ይፈልጋሉ። እትሞቻቸውም ስለሚለያዩ የአልበሙን ስም ብቻ ይዞ መግዛት ያስቆጫል።

«ስዊትሃርት» አጭር ነው፤ 11 ዘፈኖች፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። አብዛኞቹ የሌሎች ድርሰቶች ናቸው፦ የዉዲ ጋትሪ፣ የመርል ሃጋርድ፣ የቦብ ዲላን። ከፊሉ የተቀዳው በካንትሪ ሙዚቃ ማዕከሏ ናሽቪል ሲሆን የሎይድ ግሪን ፔዳል ስቲል (በእግር መርገጫ የሚታገዝ፣ ድምፁ የሚንሸራተት ጊታር) ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ጎልቶ ይሰማል። ባንዱን ወደ ካንትሪ የሳበው አዲሱ አባል ግራም ፓርሰንስ ነበር። የቀድሞ አሳታሚው የውል ጥያቄ ካነሳ በኋላ ግን በሦስት ዘፈኖች ላይ የሱ ድምፅ ወጥቶ በሌሎች የባንዱ አባላት ተተካ። ስለዚህ ፓርሰንስን ፈልገው ከሆነ አንድ ሸክላ ብቻ ያለውን የመጀመሪያ እትም ይለፉት፤ በሱ ድምፅ የተዘፈኑት ቅጂዎች በ2003 በወጣው ባለ ሁለት ሲዲ እትም ውስጥ አሉ።

ዘ ባንድ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። 12ቱም ዘፈኖች የራሳቸው አዲስ ድርሰት ናቸው፤ ሆኖም ስለ ገበሬ፣ ስለ መከርና ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያወሩ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ይመስላሉ። ከአምስቱ አባላት አራቱ ካናዳውያን ሲሆኑ አሜሪካዊው የአርካንሳው ተወላጅ የሆነው ከበሮ መቺው ሊቮን ሄልም ብቻ ነው። አብዛኛው የተቀዳው ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተከራዩት ግቢ፣ በመዋኛው አጠገብ ባለች ቤት ነው፤ ከበሮው ደረቅና ቅርብ ሆኖ የሚሰማው ክፍሉ የስቱዲዮ ጠባይ ስለሌለው ይመስለናል። እዚህ ላይ ምርጫው ከባድ ነው። በ2019ኙ እትም የየመሣሪያው ድምፅ ሚዛን በድምፅ ባለሙያው በቦብ ክሊርማውንቴን እንደገና ተቀናብሯል፤ ቤዙና የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ተለይቶ ይሰማል፤ በሁለተኛው ሲዲ ደግሞ የ1969 የዉድስቶክ ዝግጅታቸው አለ። ነገር ግን የጥንቱ ቅጂ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ውህደት በመጠኑ ሳስቷል። የመጀመሪያውን ድምፅ የሚሹ ሰብሳቢዎች በሸክላው መሃል፣ ከመለያው ወረቀት ጎን የተጫሩትን፣ ሸክላው የታተመበትን ዋና ቅጂ ያዘጋጀውን የድምፅ ባለሙያ የቦብ ለድዊግን ምልክት «አር ኤል» ፊደላት ይፈልጋሉ። የ2019ኙ ሸክላ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር ስለሆነ ማጫወቻውን በ33 ከተዉት ድምፁ ወፍሮ ይጎተታል፤ በየአሥር ደቂቃው ገደማም ተነስቶ መገልበጥ አለ።

«ሰርክል» ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥብናል። ወጣቶቹ ሮከሮች በነሐሴ 1971 ናሽቪል ገብተው ማይኩን ለአንጋፋዎቹ ለቀቁ፦ ለሜይቤል ካርተር፣ ለኧርል ስክራግስ፣ ለዶክ ዋትሰን፣ ለሮይ ኤካፍ፣ ለጂሚ ማርቲን። ቀረጻው የሁሉም ድምፅ አንድ ላይ ተቀላቅሎ በቀጥታ በሁለት ትራክ (ግራና ቀኝ) ስለነበር አንዱ መሣሪያ በዛ ወይም አነሰ ተብሎ በኋላ የሚስተካከል ነገር አልነበረም፤ ሚዛኑን የጠበቁት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በዘፈኖቹ መሃል ያለውም ጨዋታ አልተቆረጠም፤ ዶክ ዋትሰንና መርል ትራቪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው ሲተዋወቁ ይሰማል። ጊታር ወይም ባንጆ ለሚማር ሰው ሌላ አይፈልጉ። የስክራግስ የሦስት ጣት ባንጆ ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ቀስ እያሉ ለመከተል ይመቻል። ከበሮ የሌለው ሙዚቃ የማይይዘው ሰው ግን ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋውን አልበም ሳይጨርስ ይሰለቻል፤ ለእሱ ዘ ባንድ ይሻላል።

ብሉስ ፈልገው ከሆነ ከሦስቱ አንዱም አያጠግብም፤ ያን ጊዜ የሮሊንግ ስቶንስን «ኤግዛይል ኦን ሜይን ስትሪት» (1972) ይግዙ።

«ሰርክል»ን ያገለገለ ሲገዙ ሦስቱም ሸክላዎች መኖራቸውን ከፍተው ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱንም በብርሃን ላይ አዘንብለው ጭረቱን ይዩ። ጩኸት በበዛበት የሮክ አልበም የሚደበቅ መንጣጣት፣ በአንድ ጊታር ብቻ በሚታጀብ ዘፈን ላይ እያንዳንዱ ይሰማል። ማጫወቻዎ ተራ ከሆነ የ2002ቱን ባለ ሁለት ሲዲ እትም ይምረጡ፤ ተጨማሪ ቅጂዎችም አሉበት።